የካሶኒ ዘይት

በረንዳውን ያጠብኩት ከቤት ለመውጣት ብዬ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ክረምት ሳይገባ፣ እንጨቱ እንዳይበሰብስ» እል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን ዋናው እሱ አልነበረም። ድሬዳዋ ሥራ አግኝቼ ነበር። አንድ የመድኃኒት ማከፋፈያ ውስጥ ዕቃ ተቀባይ። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ለተቀመጠች ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚቀጥለውን ሳይሆን ከሱ የሚከተለውን ሰኞ ጀምሪ አሉኝ። አሥራ ሁለት ቀን ነበረኝ፤ በነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት አባቴን ያለ እኔ መኖር የሚችል ሰው ማድረግ ነበረብኝ።

አባቴ አያይም። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስኳር መጀመሪያ አንድ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ሌላኛውን ወሰደበት። እናቴ ከዚያ በፊት ሞታለች። ወንድምም እህትም የለኝም። ስለዚህ እኔ ነኝ ያለሁት፤ ይህንን ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፣ እንዲሁ ሆነ።

የምንኖረው ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን ደጅ አውጥተው በሚሰፉበት መንገድ ላይ፣ አሮጌ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ከታች ሱቆች አሉ፤ ከላይ የኛ ሁለት ክፍል፣ ከዚያ ከመንገዱ በላይ የተንጠለጠለ የጣውላ በረንዳ። ርዝመቱ በአባቴ እርምጃ አሥራ አራት ነው። ወርዱ ሦስት።

አባቴ ጠዋት ይነሳል፣ ጫማውን በሩ ላይ ያወልቃል፣ በባዶ እግሩ ይወጣል። ግድግዳ አይዝም፣ እኔን አይጠራም። ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ የእንጨት መደገፊያው ላይ ክንዱን አሳርፎ መንገዱን ይሰማል። «የዚህ ባጃጅ ፍሬን አልቋል» ይላል። «ያቺ የውሃ ቦቴ ናት፣ ሾፌሩ ማርሽ አያውቅም።» ከታች ካሉት ልብስ ሰፊዎች ጋር ይሰዳደባል። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነው። እኔ ወንበር አንቀሳቅሼ እረሳለሁ፣ እሱ ይጋጫል፣ ሁለታችንም እንበሳጫለን። ማንንም የማይፈልግበት ቦታ በዓለም ላይ ያ በረንዳ ብቻ ነበር።

ግንቦት ውስጥ ልብስ ሳሰጣ አንድ ጣውላ ከተረከዜ ሥር ወደ ታች ሄደ። አልተሰበረም፤ እንደ እርጥብ ዳቦ ጎደጎደ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ስነካው ጣቴ ገባ። ከታች ያለው የድንጋይ መንገድ ነው። ጎረቤታችን ምግቡን ልታቀብለው ተስማምታ ነበር፣ የስኳር መርፌውንም ነገር ጨርሰን ነበር። የቀረው ይሄ ብቻ ሆነ፤ በረንዳው ከዳነ እሄዳለሁ፣ ካልዳነ አልሄድም።

ጁገል ውስጥ በር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ። ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። መጡ፣ ከኪሳቸው ቢላ አውጥተው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው እያንዳንዱን ጣውላ ወጉት።

«ዋንዛ ነው» አሉ። «የዛሬ ልጆች የሚሠሩበት ዓይነት እንጨት አይደለም። ያበሰበሰው ግን ዝናብ እንዳይመስልሽ።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«አንቺ ነሽ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ረጭተሽ አይደል የምትጠርጊው?»

ነው። እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው፣ እኔም ሦስት ዓመት እንደዚያ አደረግኩ። አቧራ እንዳይነሳ በእጅ ውሃ መርጨት፣ ከዚያ መጥረግ።

«ያ ለመሬት ነው» አሉ ሐጂ። «እናንተ እንጨትም መሬት ይመስላችኋል።»

ሁለት ጣውላ ቀየሩ። ልክ እንደ አሮጌው ስላልሆነ ዳር ዳሩን እየላጉ አስገቡት። ከዚያ መዶሻቸውን ይዘው ቆሙና «ብቅ ብቅ ያሉ ሚስማሮች አሉ፣ ልምታቸው?» አሉ።

«ሁሉንም ይምቱልኝ።»

«ያቺን የጥጓንም?»

«ሁሉንም አልኩ እኮ ሐጂ፣ እግሩን ይወጋዋል።»

መቱ። አባቴ ውስጥ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

ሐጂ ሲጨርሱ ትእዛዛቸውን ሰጡኝ። በሳሙናና በብሩሽ እጠቢው፣ ግን አታስጥሚው። ከዚያ ስምንት ቀን ተይው፣ ይድረቅ፣ ማንም አይርገጠው። በብርጭቆ ወረቀት እሺው። ከዚያ የተልባ ዘይት ሞቅ አድርገሽ በጨርቅ፣ ስስ አድርገሽ፣ የተረፈውን ጥረጊ። ሁለት ሦስት ቀን ጠብቂ፣ ድገሚው።

በጣቴ ቆጠርኩ። «ይሄ እኮ ግማሽ ወር ነው። እኔ ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

«አንቺ ሥራ ትገቢያለሽ» አሉ መጋዛቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ፣ «እንጨቱ ግን ሥራ የለውም።»

የውሃ ፈረቃችን በማግስቱ ነበር። ጀሪካኖቹን ሞልቼ፣ ቀሚሴን ቋጥሬ ገባሁበት። ከዚያ ወለል ላይ ያልወጣ ነገር የለም። የደረቀ ገራባ፣ አባቴ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ቅሞ የሚያራግፈው፤ የእርግብ ኩስ፣ የቀለጠ ሻማ ጠብታ፣ በጣውላዎቹ መሃል የገባ የኦቾሎኒ ልጣጭ፣ የእናቴ ትሆን የምላት አንዲት የፀጉር መርፌ። ውሃው ጥቁር ሆኖ በክፍተቱ ወደ ታች ይንጠባጠባል።

«አቦ!» አለ አንዱ ልብስ ሰፊ ከታች። «ዝናብ ነው ወይስ ልጅቷ ናት?»

«ልጅቷ ናት» አለው ሌላው፤ «ዝናብ ቢሆን ቀድሞ ያጉረመርም ነበር።»

«ስሚ እህቴ፣ ይሄ የሙሽራ ልብስ ነው። አንዲት ጠብታ ካረፈችበት ወላሂ ለብሰሽው አንቺ ነሽ የምትዳሪው።»

«ማነው ሙሽራው?» አልኩ አንገቴን አውጥቼ።

«እድሜው ስልሳ ነው፣ ግን መኪና አለው።»

ማሽናቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። እኔ ቀጠልኩ። ቆሻሻው ሲለቅ ሥሩ የነበረው ቀለም ብቅ አለ፤ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ የደረቀ ቴምር ዓይነት። እዚያ ቤት ተወልጄ አድጌ ያንን ቀለም አይቼው አላውቅም ነበር። ሥራ እወዳለሁ የምል ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ግን ምሳ ረሳሁ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። መጠበቅ አልችልም፣ ተፈጥሮዬ አይደለም። ስምንት ቀን የተባለውን ሦስት ቀን ጠበቅኩና ማሸት ጀመርኩ። ሁለት ቀን በጉልበቴ ሄድኩበት። መዳፌ ተላጠ፣ ወለሉ ግን እንደ ጠረጴዛ ለሰለሰ።

አባቴ በነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ተዘግቶ ነበር። በር ላይ እየመጣ ይቆማል።

«መቼ ነው የምወጣው?»

«ገና ዘይት ይቀባል። ሐጂ የተልባ ዘይት ነው ያሉት።»

ሳቀ። «ተልባ ለሆድ ድርቀት ነው። ወለሉ ሆዱን አሞታል?»

«እንግዲህ አናጢው ናቸው ያሉት።»

«አናጢ በር ይሥራ። ካሶኒ አይቶ ያውቃል? የኔ መኪና ካሶኒ፣ ጭነቱ የሚያርፍበት፣ ጣውላ ነበር። ስንት ጊዜ ከአሰብ ጨው ጭኛለሁ። ፍየል ጭኛለሁ፣ ሽንቱ ብረት ይበላል። ስንት ክረምት! አንድ ጣውላ አልቀየርኩም። በምን መሰለሽ? በተቃጠለ ዘይት። ከሞተር የወጣውን ትወስጃለሽ፣ በናፍጣ ታቀጥኚዋለሽ፣ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ማልበስ ነው። ምስጥ አይደርስበት፣ ውሃ አይገባው። በሁለት ቀን ታርፊያለሽ።»

ሲናገር እጁ አየር ላይ ብሩሽ ይዞ ይሄዳል። ፊቱ ወዲያው ያ መኪና የሚነዳው ሰው ፊት ሆነ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ይህን ብላ፣ ይህን ልበስ፣ እዚህ ተቀመጥ የምለው። እሱ እኔን ምንም አዞኝ አያውቅም። አሁን ከሸዋ በር ውጭ የትኛው ጋራዥ እንደምሄድ፣ ምን ብዬ እንደምጠይቅ፣ ስንት እጅ ናፍጣ እንደምጨምር እየነገረኝ ነበር። ያ ደስታው አሳዘነኝ ብል ግማሹን ነው የምናገረው። ሌላው ግማሽ ሁለት ቀን ማለቱ ነው። ሐጂ ያሉትን አውቃለሁ፣ አልረሳሁትም። ሁለት ቀን ይሻለኝ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ቢጫ ጀሪካን አፉ ድረስ ሞላልኝ። «ለምንሽ ነው?» አለ። «ለካሶኒ» አልኩት፣ ለማስረዳት ሰንፌ። «እ፣ ጥሩ ነው» አለ። ለበረንዳ ብዬው ቢሆን ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

የመጀመሪያው ብሩሽ ያንን ቀይ ዋጠው። ጥቁር ሆነ፤ ደህና ጥቁር እንኳን አይደለም፣ የጭቃ ጥቁር። አንድ ጣውላ ላይ ማቆም እችል ነበር። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ለራሴ «ሲደርቅ ይገረጣል» አልኩና ቀጠልኩ። ምክንያቴ የሚያሳፍር ነው፦ አንድ ጣውላ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ ሆኖ እንዳይቀር። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሽታውን ሳበ። «እሱ ነው» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «በትክክል እሱ ነው።»

በሁለት ቀን አልደረቀም። በሦስት ቀንም አልደረቀም። ሰማዩ ደመና ሆነ፣ ፀሐይ ጠፋች፤ ወለሉ እንዳላበው ፊት ያብረቀርቃል። እግሬን ሳሳርፍ ይይዘኛል፣ ሳነሳ ያንሸራትተኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ በዚያ ሲያልፉ ከታች አዩና ወጡ። ጣታቸውን ወለሉ ላይ አደረጉ፣ አሸተቱ፣ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ጠረጉ።

«ምን ቀባሽው?»

«የተቃጠለ ዘይት።»

«ማነው ያለሽ?»

«ለካሶኒ ጥሩ ነው፣ ይሄው...»

«ካሶኒ ላይ እህል ነው የሚጫነው። አባትሽ እህል ነው?»

እና እኔ፣ ጮክ ብዬ፣ «አባባ ነው ቀቢ ያለኝ!» አልኩ።

ውስጥ ሬዲዮው ይናገር ነበር። ጠፋ። አባቴ ነው ያጠፋው። ሐጂ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ላ ሐውለ» አሉ ለራሳቸው፣ በሐዘን፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንጨት ከጠጣ በኋላ አያስታውክም ልጄ። አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም። ሰጋቱራ እልክልሻለሁ፣ ላዩን ይጠጣልሽ ይሆናል።»

ሰጋቱራው መጣ፣ በተንኩት፣ ጠረግኩት። ጭቃ ሆነ። አመድ በተንኩ። የባሰ ጭቃ ሆነ። በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና አጠብኩት፤ አረፋው ቡኒ ሆኖ ታች ወርዶ ከልብስ ሰፊዎቹ ጋር አጣላኝ፣ ያን ቀን ማንም አልቀለደም። በቤንዚን የጠረግኩት ጥግ ለአንድ ሰዓት ደረቀ፤ ከዚያ ዘይቱ ከውስጥ ላብ ሆኖ ተመልሶ ወጣ።

እሑድ ጠዋት ሰጋቱራውን ጆንያ ውስጥ ስጠቀጥቅ አባቴ ወጣ። ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ፣ እንደ ድሮው። «አባባ ቆይ» ሳልል ሁለት እርምጃ ሄዷል። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ቀኝ እግሩን ወደፊት ልኮ ወለሉን ዳበሰ፣ ወደ ግራ ዳበሰ፣ መለሰው።

«ሚስማሯስ?» አለ።

«የቷ ሚስማር?»

«እዚህ ጥጉ ጋ፣ ወጣ ያለችው። ከሷ ነው የምቆጥረው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቅም ነበር። እኔ ዝም ብሎ የለመደው ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን በሚስማር፣ በእንጨቱ አንጓ፣ ከፍ ዝቅ ባለው ጣውላ እያነበበ ነበር የሚሄደው። ያቺ የጥጓ ሚስማር መነሻው ነበረች፤ ሲመለስም «ዳር ደርሰሃል፣ ተመለስ» የምትለው እሷ ነበረች። ሁሉንም አስመትቻለሁ። የቀረውን በገዛ መዳፌ አሽቼ አለስልሼዋለሁ።

«ሐጂ መቷት» አልኩት። ማን ምታት እንዳላቸው አልተናገርኩም።

«እሺ» አለ። አንድ እርምጃ ጨመረና እግሩ ከሥሩ ሄደ።

ሮጥኩ፣ እኔም ወደቅኩ። ሁለታችንም ዘይቱ ላይ ተቀምጠን ቀረን። ላነሳው ስል እግሬ መቆሚያ ያጣል፣ እሱ እኔን ሲይዝ እኔም እሄዳለሁ።

«ምን ወደቀ?» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው ከታች።

«ጭነት ነው!» አለ አባቴ። «ገመዱ ላልቶ ነው!»

ታች ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በዳዴ እየሄድን ገባን። ምንም አልተሰበረበትም፣ ዳሌው ብቻ ጠቁሮ ሰነበተ።

ሰኞ ጠዋት ድሬዳዋ ደወልኩ፣ ሰው ታመመብኝ አልኩ። ሴትየዋ ጥሩ ሰው ናት፣ «እስከ ሐሙስ እንጠብቅሻለን» አለችኝ። እስከ ሐሙስ ያልሞከርኩት የለም። ሰሌን ዘረጋሁ፤ ከእግሩ ሥር ሸሸ። አሮጌ ምንጣፍ ዘረጋሁ፤ ዘይት ጠጥቶ ተጣበቀ። ጫማህን አድርገህ ውጣ አልኩት፤ በጫማ አንድ እርምጃ ሄዶ «አሁን ነው የታወርኩት» አለና ተመለሰ። ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጠርኩለት፤ አንድ ጊዜ ያዘው፣ «በሬ ነኝ እንዴ?» አለ፣ ለቀቀው። ረቡዕ ከሰዓት ጥጉ ላይ አዲስ ሚስማር ወስጄ፣ ነበረች ብዬ ባሰብኩበት፣ ራሷ ብቅ እስክትል መታሁ። እጁን ይዤ ወስጄ አስረገጥኩት። በእግሩ አውራ ጣት ዙሪያዋን ዳበሰ።

«እዚህ አልነበረችም» አለ።

«ወዴት ነበረች?»

«እኔ እንጃ። እግሬ ነው የሚያውቃት።»

ነቅዬ አሥር ቦታ ላይ ልመታት እችል ነበር። አልመታኋትም።

ሐሙስ ስልኩ ሲጠራ አየሁት። ሁለት ጊዜ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ እያየሁት አላነሳሁትም፤ ከዚያ በኋላ አልደወሉም። ማታ አባቴ «ሥራው እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ቀን ለወጡ» አልኩት። «እ» አለ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ በረንዳው ላይ ሲወርድ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይፈሳል፣ አንዲት ጠብታ እንጨቱ ውስጥ አትገባም። ሐጂ አንድ ቀን መጥተው በቢላቸው ወጉት፣ አልገባላቸውም። «ይሄ በረንዳ እኔንም አንቺንም ይቀብራል» አሉ። አባቴ የካሶኒውን ነገር የተሳሳተ አልነበረም። ጣውላው ድኗል። የሚያስቅ ነገር ነው፣ ግን እስካሁን ስናገረው የሳቀ ሰው አላገኘሁም።

አሁን በቀን አንድ ጊዜ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ዝናብ ከሌለ እናወጣዋለን። እናወጣዋለን የምለው እኔና እሱ ማለቴ ነው። ክንዴን ይይዛል፣ እኔ ባረጀ ሸራ ጫማ ቀስ እያልኩ፣ እሱ በባዶ እግሩ፣ እስከ መደገፊያው ድረስ። ከዚያ እዚያ እንቆማለን። ድሮ ሁለት ሰዓት ይቆም ነበር፤ አሁን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እግሩ ይደክመዋል። የመኪኖቹን ነገር እንደበፊቱ ብዙ አይናገርም። ልብስ ሰፊዎቹ ሲሰድቡት አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ያልሰማ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ቆመን፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ፣ «ድሬዳዋ ሂጂ» አለኝ። «ሌላ ሥራ አይጠፋም። እኔ እለምደዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምትለምደው?»

«ቤቱን። ሂጂ ብያለሁ።»

ይህን ሲል ክንዴን ጨብጦ ነበር። እንደገና «ሂጂ» አለ፣ ጣቶቹ ግን የበለጠ ጠበቁ፤ ማታ ሳየው ቦታው ቀልቷል። ትንሽ ቆይቶ እግሩ ደከመው፣ ገባን። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጨርቁን ላምባ ውስጥ ነክሬ የእግሩን መዳፍ እጠርግ ጀመር፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን፣ በጣቶቹ መሃል። ዘይቱ ካልተጠረገ አንሶላው ላይ ይቀራል፣ ከአንሶላ ደግሞ አይለቅም።